ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ፦ ስለ ጽንስ ሕይወት የተነገሩ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችና የተመልካቹ ምላሽ

ወደ ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ባለቤቱም ድምፁን ሰምቶና ማንነቱን ለይቶ «ይግቡ» ሲለው ይገባል። ቴሌቪዥን ግን ይህን ወግ አልተማረም። መሣሪያው አንዴ ከተከፈተ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ምስል ምን እንደሚሆን አባወራውም ሆነ እማወራዋ አስቀድመው አያውቁም። ሲኒማ ቤት የሚሄድ ሰው ፊልሙን መርጦ ቲኬት ይቆርጣል፤ መጽሐፍ የሚያነብም ገጹን በገዛ እጁ ይገልጣል። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ግን ማንም ሳይጠራው፣ ሰው ሌላ ነገር ለማየት በተቀመጠበት ሰዓት፣ ሕፃንና አዋቂ በአንድነት ባሉበት መካከል ይገባል። ማስታወቂያው ስለ ሳሙና ወይም ስለ ለስላሳ መጠጥ ሲሆን ይህ ጠባዩ ብዙም አያስቆጣም። ስለ ሕይወትና ስለ ሞት፣ ስለ እናትና ስለ ጽንስ የሚናገር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከ1970ዎቹ ወዲህ በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ የጽንስን የመኖር መብት የሚያስቀድሙት፣ በተለምዶ ፕሮ ላይፍ የሚባሉት ወገኖች፣ መልእክታቸውን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለማሰማት ብዙ ገንዘብና ብዙ ብልሃት አፍስሰዋል። ውሳኔው የሴቲቱ ብቻ መሆን አለበት የሚሉት፣ ፕሮ ቾይስ የተባሉት ወገኖችም በበኩላቸው መልስ ሰጥተዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከሁለቱ ማን ትክክል እንደ ሆነ አይደለም። መልእክቱ በየትኛው በር ወደ አየር እንደ ገባ፣ በሩን ማን እንደ ከፈተና ማን እንደ ዘጋ፣ ተመልካቹስ ምን እንደ መለሰ ነው። አንድ ዜጋ የጸና እምነቱን ለሕዝብ የማሰማት መብቱ፣ አንድ ቤተሰብም በገዛ ቤቱ ሳይደነግጥ የመኖር መብቱ የት ላይ እንደሚገናኙ ከዚህ ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ ብዙ የለም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአየሩ ጥበትና በረኛው

የሥርጭት መሐንዲስ እንደሚያውቀው የአየር ሞገድ ዳር ድንበር የሌለው ሀብት አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ በ1941 በጸደቀው ስታንዳርድ መሠረት 525 መስመር ያለውን ምስል ከነድምፁ ለማስተላለፍ አንድ ጣቢያ የ6 ሜጋኸርትዝ ስፋት ያስፈልገው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቪ.ኤች.ኤፍ. ክልል ለቴሌቪዥን የቀረው ቦታ ከ2 እስከ 13 ለሚቆጠሩ 12 ቻናሎች ብቻ የሚበቃ ሆነ። በአንድ ቻናል ሁለት ጣቢያዎች ተቀራርበው ቢሠሩ አንዱ የሌላውን ምስል ስለሚያበላሽ በአንድ ከተማ ሊሠሩ የሚችሉት ጣቢያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በመሆኑም በ1934 በወጣው የመገናኛ ሕግ የተቋቋመው የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ለተወሰኑ ሰዎች ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃድ የተሰጠውም ሰው የሕዝብን ሀብት በአደራ እንደ ያዘ ይቈጠራል። በፊዚክስ ሕግ የተጀመረው ጥበት በዚህ መንገድ በረኛን ፈጠረ።

በረኛው በሩን ለንግድ የከፈተው ወዲያውኑ ነው። ጁላይ 1 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ከቤዝቦል ጨዋታ በፊት ለጥቂት ሴኮንዶች የታየው የቡሎቫ ሰዓት ማስታወቂያ የመጀመሪያው ሕጋዊ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲሆን የተከፈለበት ዋጋ 9 ዶላር ነበር። ለአከራካሪ ሐሳብ ግን በሩ ጠባብ ሆኖ ቆየ። ኮሚሽኑ በ1949 ባወጣው የሚዛናዊነት ደንብ ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን እንዲያነሡና የተቃራኒውንም ወገን ሐሳብ እንዲያሰሙ ግዴታ ጣለ። በ1967 ደግሞ ይኸው ደንብ በሲጋራ ማስታወቂያ ላይ እንዲሠራ ሲወሰን፣ የሲጋራ ማስታወቂያ ያሰራጨ ጣቢያ ስለ ጉዳቱ ለሚናገሩትም ሰዓት መስጠት ነበረበት። ጣቢያዎቹ ከዚህ አንድ ትምህርት ወሰዱ፤ ይኸውም አከራካሪ ሐሳብን በገንዘብ መሸጥ ለተቃዋሚው በነፃ ሰዓት መስጠትን ሊያስከትል እንደሚችል ነው። ትልልቆቹ ኔትወርኮችም በአከራካሪ ጉዳይ ላይ የሚቀርብን ማስታወቂያ አለመቀበልን ልማድ አደረጉት።

በ1973 ሁለት ውሳኔዎች በአራት ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው መጡ። ጃንዋሪ 22 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሮ በተቃራኒ ዌድ በተባለው መዝገብ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ውርጃን በመላ አገሪቱ ሕጋዊ አደረገ። ሜይ 29 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት፣ በ7 ለ2 ድምፅ፣ ጣቢያዎች የሐሳብ ማስታወቂያን የመሸጥ ግዴታ የለባቸውም ሲል ፈረደ። ለዚህኛው ክስ መነሻ ከሆኑት አንዱ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ የንግድ ሥራ መሪዎች ማኅበር ነበር። ስለ ጽንስ በፍርዱ ውስጥ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ የሆነ ሆኖ የመጀመሪያው ፍርድ ውርጃን የአገሪቱ ታላቅ ክርክር ሲያደርገው፣ ሁለተኛው ፍርድ ክርክሩ ወደ ቴሌቪዥን የሚገባበትን በር ቁልፍ በጣቢያው ባለቤት እጅ አጸናው።

የጽንስ ሕይወት ደጋፊዎች ይህ በር ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው የተገነዘቡት ከፍርዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በኖቬምበር 1972 ሲ.ቢ.ኤስ. ያሳየው «ሞድ» የተባለው ተከታታይ አስቂኝ ድራማ፣ የ47 ዓመቷ ባለታሪክ ሳታስበው አርግዛ ለማስወረድ ስትወስን አሳየ። ክፍሎቹ በኦገስት 1973 በድጋሚ ሲታዩ ተቃውሞው በርትቶ በአሥር የሚቈጠሩ ጣቢያዎች አናሳይም አሉ፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎችም ሸሹ። ተቃዋሚዎቹ ለኮሚሽኑ አቤት ብለው የመልስ ሰዓት ቢጠይቁም አልተሳካላቸውም። ከዚህ በኋላ ጥያቄው «እንዴት እንቃወም?» መሆኑ ቀርቶ «እኛስ እንዴት እንግባ?» የሚል ሆነ።

በእጩነት በር

መልሱ የተገኘው በዚያው በ1934ቱ ሕግ ውስጥ ነው። የሕጉ 315ኛ አንቀጽ አንድ ጣቢያ ለምርጫ የቀረበን እጩ ንግግር ሳንሱር እንዳያደርግ ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1959 ጣቢያው እጩውን ማረም ካልተፈቀደለት እጩው በተናገረው ስም ማጥፋት ሊጠየቅ እንደማይገባ ወሰነ። በ1971 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ምርጫ ዘመቻ ሕግ ደግሞ ጣቢያዎች ለፌዴራል ሥልጣን ለሚወዳደሩ እጩዎች ተመጣጣኝ ሰዓት እንዲሸጡ ተገደዱ። እነዚህ ድንጋጌዎች ሲገጣጠሙ ያልታሰበ ውጤት ሰጡ። ተራው ዜጋ ገንዘብ ቢኖረውም እንኳ ጣቢያው ፊቱን ሊያዞርበት ይችላል፤ ይኸው ዜጋ እጩ ሆኖ ሲመጣ ግን ጣቢያው ሊመልሰውም ሆነ ቃሉን ሊያርመው አይችልም።

ይህን በር በግንባር ቀደምትነት የተጠቀሙበት በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የሚኖሩት የቤት እመቤት ወይዘሮ ኤለን ማኮርማክ ናቸው። ወይዘሮ ማኮርማክ በ1976 ለዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንትነት እጩነት ሲወዳደሩ አሸንፋለሁ የሚል ግምት አልነበራቸውም፤ ዋናው ዓላማ ስለ ጽንስ ሕይወት የሚናገር ማስታወቂያ በቴሌቪዥን እንዲታይ ማድረግ ነበር። በ20 ክፍላተ ሀገር ከእያንዳንዱ ቢያንስ 5,000 ዶላር በአነስተኛ መዋጮ ስላሰባሰቡ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ተዛማጅ ድጋፍ የሚያገኙበት ደረጃ ላይ ደረሱ። በቅድመ ምርጫዎቹ በድምሩ ከ200,000 በላይ ድምፅ አገኙ፤ በፓርቲው ጉባኤ ላይም 22 ተወካዮች ድምፃቸውን ሰጧቸው።

የተመልካቹ ምላሽ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሁለት መልክ ያዘ። አንደኛው ወገን፣ ሀብትም ሥልጣንም የሌላት የቤት እመቤት የታላላቅ ኔትወርኮችን ዝግ በር መክፈቷን የዴሞክራሲ ምስክር አድርጎ አየው። ሌላው ወገን ደግሞ ይህ ምርጫን ለማስታወቂያ መግዣ ማድረግ ነው፤ የግብር ከፋዩም ገንዘብ ለአንድ ዓላማ ቅስቀሳ ሊውል አይገባም ሲል ተቃወመ። ሁለቱም አስተያየቶች እውነትነት ነበራቸው። ክርክሩ ግን ገና በአመዛኙ በሕጉ አጠቃቀም ላይ ነበር። ምስሉ በሌላ መንገድ እየመጣ ነበር።

ከብረት ስንጥቅ እስከ ጽንስ ምስል

የጽንስ ምስል ታሪክ በከፊል የመሐንዲሶች ታሪክ ነው። በ1955 በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የማህፀን ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ፣ በሬንፍሩ ወደሚገኘው የባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ የቦይለር ፋብሪካ ሄደው በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚያገኘውን የከፍተኛ ድምፅ ሞገድ መሣሪያ ከሰው አካል በወጡ እብጠቶች ላይ ሞከሩት። በኋላም ቶም ብራውን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ከእርሳቸው ጋር ተባብሮ መሣሪያውን ለሕክምና እንዲስማማ አደረገው፤ ውጤቱም በ1958 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። የብየዳ ጉድለት ይፈልግ የነበረው የድምፅ ሞገድ በማህፀን ያለውን ጽንስ ማሳየት ጀመረ። ዶናልድ ራሳቸው የውርጃ ተቃዋሚ ነበሩ፤ መሣሪያው ግን ለየትኛውም ወገን አልተሠራም። ዛሬ የእርግዝናን ደኅንነት የሚከታተለውም ሆነ ውርጃን ያለ አደጋ ለማከናወን የሚረዳው ይኸው መሣሪያ ነው።

ይህ ምስል የቅስቀሳ መሣሪያ ሆኖ በስፋት የታየው በ1984 በተሠራውና 28 ደቂቃ በሚፈጀው «ጸጥተኛው ጩኸት» በተባለው ፊልም ነው። አቅራቢው ዶክተር በርናርድ ናታንሰን በ1969 ለውርጃ ሕጋዊነት የሚታገለውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ የነበሩና በኋላ አቋማቸውን የለወጡ የማህፀን ሐኪም ናቸው። በፊልሙ ላይ የ12 ሳምንት ጽንስ ሲወርድ በአልትራሳውንድ ስክሪን እያመለከቱ ያስረዳሉ። በጃንዋሪ 1985 በፓስተር ጄሪ ፎልዌል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ታየ፤ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በይፋ አወደሱት፤ በተከታዩም ወር በዋይት ሃውስ ቀረበ።

ምላሹ ብርቱ ነበር። ደጋፊዎቹ እስከዚያ ድረስ በቃል ብቻ ሲነገር የነበረው ነገር ለዓይን እንደ ታየ ቈጠሩት። ብዙ ሐኪሞች ግን የ12 ሳምንት ጽንስ ሕመምን ለማወቅ የሚያስችል የአንጎል ዕድገት የለውም፣ የፊልሙም ፍጥነት በአንዳንድ ቦታ ተለውጧል በማለት ተቹት። ሮሳሊንድ ፔቼስኪ የተባሉት ምሁር ደግሞ በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በእንዲህ ያሉ ምስሎች ጽንሱ በጠፈር እንደሚንሳፈፍ ሰው ለብቻው ሲታይ ሴቲቱ ከሥዕሉ ውጭ እንደምትቀር አመለከቱ። ለመሐንዲስ ይህ ትችት ሊያስገርም አይገባም። ማንኛውም የምስል መሣሪያ የሚያሳየው የተነጣጠረበትን ነው፤ ከክልሉ ውጭ ያለው ነገር የለም ማለት አይደለም። ምስል ማስረጃ ይሆናል፤ የማስረጃው ወሰን ግን ከማስረጃው ጋር ካልተነገረ ተመልካቹ ከፊሉን እንደ ሙሉ ይወስደዋል።

1992፦ አስደንጋጩና ፈገግተኛው

በ1987 የሚዛናዊነት ደንብ ተሰረዘ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ምርጫ፣ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ የማስታወቂያ ዓይነቶች በአንድ ወቅት ታዩ። ተመልካቹ ለሁለቱ የሰጠው ምላሽ የዚህ ታሪክ ዋና ቁልፍ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት የመጣው በእጩነት በር ነው። በኢንዲያና ማይክል ቤይሊ፣ በጆርጂያ ደግሞ ዳንኤል ቤከር ለኮንግረስ ሲወዳደሩ የወረዱ ጽንሶችን ፎቶግራፍ የሚያሳይ ማስታወቂያ አዘጋጁ። ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ጣቢያዎቹ አሰራጩት። በጁላይ ወር አንድ የእሑድ ምሽት የአትላንታው ደብልዩ.ኤ.ጂ.ኤ. የቤከርን ማስታወቂያ ሲያሳይ ስልኩ በተቃውሞ ተጨናነቀ፤ ከደዋዮቹ መካከል ልጆቻቸው የደነገጡባቸው ወላጆች ነበሩ። በጽንስ ሕይወት ደጋፊዎች መካከል እንኳ ዘዴው ልዩነት ፈጠረ፤ አንዳንዶቹ እውነቱ ይታይ ሲሉ ሌሎቹ ሊያሳምኑት የሚፈልጉትን ሰው ማስደንገጥ ማራቅ ነው ብለው ሰጉ። ቤይሊ የፓርቲያቸውን ቅድመ ምርጫ ቢያሸንፉም በኖቬምበር ሁለቱም እጩዎች ተሸነፉ።

ክርክሩ በዚህ አልቆመም። ቤከር ኖቬምበር 1 ቀን ከአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ በኋላ፣ ገና ሳይመሽ፣ የ30 ደቂቃ ፕሮግራም እንዲታይላቸው ሲጠይቁ ጣቢያው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ፕሮግራሙ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ እንዲታይ ፈቀደ። የመገናኛ ኮሚሽኑም በ1994 ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ሕፃናት በብዛት ወደማይመለከቱበት ሰዓት ማዛወር ይችላሉ ብሎ ወሰነ። በ1996 ግን የዋሽንግተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የፍርዱ ምክንያት ሊጤን ይገባዋል። ሰዓቱን የሚያዛውር ጣቢያ እጩውን ሊያናግራቸው ከሚፈልጋቸው ሰዎች ይለየዋል፤ እጩውም ጥሩውን ሰዓት ላለማጣት ሲል ቃሉን በራሱ ላይ ሳንሱር ያደርጋል የሚል ነው። የወላጆቹ አቤቱታ እውነተኛ መሆኑ አልተካደም፤ ሕጉ ግን ለእጩው ነፃነት አደላ። ለጣቢያው የቀረለት ከማስታወቂያው በፊት ማስጠንቀቂያ ማስነበብ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት የመጣው በገንዘብ በር ነው። አርተር ዴሞስ የተባሉት የኢንሹራንስ ባለሀብት ያቋቋሙትና ከእርሳቸው ሞት በኋላ ባለቤታቸው የመሩት ድርጅት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ሕይወት እንዴት ያለ ውብ ምርጫ ነው» በሚል መሪ ቃል ተከታታይ ማስታወቂያ አስነገረ። በውስጡ ደም የለም፤ ክስ የለም፤ ውርጃ የሚለው ቃል እንኳ አይሰማም። የሚታዩት የሚስቁ ልጆች፣ የሚተቃቀፉ ቤተሰቦች፣ ሳይታቀዱ ተወልደው የተወደዱ ሕፃናት ናቸው። ምርጫ የሚለው የተቃራኒው ወገን ቃል በዚህ ማስታወቂያ ለጽንሱ ወገን ተወሰደ። ሳይጠየቁ የሚገቡ አስፈሪ ፎቶግራፎች ስልክ ያስደወሉበት አገር ይህን በእርጋታ ተመለከተው። ፕሮ ቾይስ ማኅበራት ግን ማስታወቂያው ደስ ያለውን ፍጻሜ ብቻ እንደሚያሳይ፣ ያጣችውን፣ የታመመችውን ወይም የተደፈረችውን ሴት እንደሚረሳ ገለጹ፤ «የሚወስነው ማን ነው?» በሚል አቅጣጫም የራሳቸውን ማስታወቂያ አሰራጩ።

ሰምና ወርቅ

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ባልሆነ ዘዴ ሊገለጽ ይችላል። የቅኔ ሰው ሰሙን ለሁሉ ያሰማል፤ ወርቁን ግን ፈልጎ የሚያገኘው የተረዳው ነው። የዴሞስ ማስታወቂያ ሰሙ የልጅ ፍቅር፣ ወርቁ የውርጃ ተቃውሞ ነበር። ይህ አካሄድ ለጣቢያውም ተስማሚ ሆነ፤ አከራካሪ ማስታወቂያ አልሸጥኩም ለማለት ሰሙን ማሳየት ይበቃዋል።

በረኛው ወርቁን ያየ ጊዜ ግን በሩን ይዘጋ ነበር። በጃንዋሪ 2009 አንድ የካቶሊክ ማኅበር፣ በአባቱ የተተወና በእናቱ ያደገ ጽንስ በመጨረሻ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ፕሬዚዳንት እንደ ሆነ የሚያሳይ ማስታወቂያ ለሱፐር ቦውል አቅርቦ ኤን.ቢ.ሲ. አልቀበልም አለ። በተከታዩ ዓመት ተራው የሲ.ቢ.ኤስ. ነበር። ፎከስ ኦን ዘ ፋሚሊ የተባለው ድርጅት፣ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ዝነኛ ተጫዋች ቲም ቲቦና እናቱ የሚታዩበት የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ አቀረበ። እናቲቱ ልጃቸውን በፊሊፒንስ አርግዘው በታመሙ ጊዜ ሐኪሞች እንዲያስወርዱ መክረዋቸው እንደ ነበር አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የሴቶች መብት ማኅበራት ማስታወቂያው እንዳይታይ ሲ.ቢ.ኤስ.ን ጠየቁ። ሙግታቸውም ክብደት ነበረው፤ ይኸው ኔትወርክ በ2004 ሁሉንም ሰው እንቀበላለን የሚለውን የዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት ማስታወቂያ አከራካሪ ነው ብሎ መልሶ ነበርና። ኔትወርኩ በበኩሉ የሐሳብ ማስታወቂያን በሚመለከት የነበረው አቋም መላላቱን አስታወቀ።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2010 በአማካይ 106.5 ሚሊዮን ሰው በተመለከተው ጨዋታ ላይ ማስታወቂያው ታየ። እናት ስለ ልጃቸው በፍቅር ይናገራሉ፤ ልጅየው በድንገት መጥቶ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ይጥላቸዋል፤ ይሳሳቃሉ፤ ቀሪውን ታሪክ የሚሻ ሰው ወደ ድርጅቱ ድረ ገጽ እንዲሄድ ይነገረዋል። ውርጃ የሚል ቃል አልተነገረም። ብዙ ተመልካች ለሳምንታት የተወራለት ነገር ይህ ብቻ መሆኑ ገረመው። ማስታወቂያውን ያስተዋወቀው ከሁሉ በላይ የተቃዋሚዎቹ ጩኸት ሆኖ ተገኘ። ፕላንድ ፓረንትሁድ ግን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ይታገድ ከማለት ይልቅ የቀድሞው የእግር ኳስ ተጫዋች ሾን ጀምስና የኦሊምፒክ ባለወርቁ አል ጆይነር የሴቶችን ውሳኔ ስለ ማክበር የሚናገሩበትን መልስ በኢንተርኔት አሰራጨ። ለሐሳብ በሐሳብ መመለስ ከዕገዳ ይልቅ ክብር ያለው መሆኑን ይህ አጋጣሚ አሳይቷል።

በ2012 ራንዳል ቴሪ የቀድሞውን በር እንደገና አንኳኩ። ለፕሬዚዳንትነት እጩ ነኝ ብለው አስደንጋጭ ምስል ያለበትን ማስታወቂያ በሱፐር ቦውል ሰዓት እንዲያሳይ የቺካጎን የኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ ጠየቁ፤ ጣቢያው እምቢ አለ። የመገናኛ ኮሚሽኑም ቴሪ በኢሊኖይ ሕጋዊ እጩ መሆናቸውን እንዳላስረዱ፣ ያንን ልዩ ሰዓት አለመሸጥም ከሕግ ውጭ እንዳልሆነ ወሰነ። የእጩነት በር ክፍት ቢሆንም ዳኛ ያለበት መሆኑ ታወቀ።

በ2016 ሱፐር ቦውል ላይ የሆነው ደግሞ ጉዳዩ ምን ያህል እንደ ተወሳሰበ ያሳያል። አንድ የቺፕስ አምራች፣ በአልትራሳውንድ ስክሪን የሚታይ ጽንስ አባቱ የያዘውን ዶሪቶስ ሲመኝ የሚያሳይ ቀልድ አቀረበ። ናራል የተባለው ፕሮ ቾይስ ማኅበር ማስታወቂያው ጽንስን እንደ ሰው ያቀርባል ብሎ ሲተች፣ ብዙ ሰው ትችቱን በሳቅ ተቀበለው። ሻጩ ሐሳብ አልሸጠም፤ ምስሉ ግን ከ30 ዓመት በላይ የክርክር ሸክም ስለ ተሸከመ ብቻውን ንግግር ሆኖ ነበር።

ሌሎች አገሮች፣ ሌሎች በረኞች

የአሜሪካው ታሪክ የገበያና የእጩነት ታሪክ ነው። በእንግሊዝ አገር የፖለቲካ ማስታወቂያን በቴሌቪዥን መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ በቂ እጩ ያቀረበ ፓርቲ ነፃ ሰዓት ይሰጠዋል። ፕሮ ላይፍ አላያንስ የተባለው ፓርቲ በ1997 ከ50 የማያንሱ እጩዎች አቅርቦ ሰዓት ቢያገኝም አስደንጋጩ ምስል ተሸፈነ። በ2001 በዌልስ ሲወዳደር ቢ.ቢ.ሲ. ፊልሙ ከመልካም ጠባይና ከጨዋነት ውጭ ነው አለ፤ በመጨረሻም የተሰራጨው ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ባዶ የሆነ ሥርጭት ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2002 ለፓርቲው ፈረደ፤ የሎርዶች ምክር ቤት ግን በ2003 በ4 ለ1 ድምፅ ፍርዱን ሻረ። በአሜሪካ የእጩው ነፃነት ሲያሸንፍ፣ በእንግሊዝ የቤቱ ሰላም አሸነፈ። ሁለቱም አገሮች ነፃ ንግግርን የሚያከብሩ ናቸው፤ የተለያዩት ከሁለት እውነተኛ ነገሮች የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ነው።

በዚያው አገር በሜይ 2010 ሜሪ ስቶፕስ የተባለው ድርጅት ስለ እርግዝና ምክር አገልግሎቱ ማስታወቂያ በቻናል 4 ሲያሳይ፣ የማስታወቂያ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከ1,000 በላይ አቤቱታ ደረሰው፤ አቤቱታዎቹም ተቀባይነት አላገኙም። በዚህ ጊዜ የተቈጡት የጽንስ ሕይወት ደጋፊዎች ነበሩ። በፈረንሳይ ደግሞ በ2014 ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ወጣቶች እንዲህ ያለ ልጅ ለምትጠብቅ እናት ደስተኛ ሕይወት ሊኖረው እንደሚችል የሚነግሩበት ፊልም በማስታወቂያ ሰዓት ታየ። የሥርጭት ተቈጣጣሪው ምክር ቤት ፊልሙ በሕግ የተፈቀደ ሌላ ውሳኔ የወሰኑ ሴቶችን ኅሊና ሊያውክ ስለሚችል በማስታወቂያ ሰዓት ሊታይ አይገባውም ነበር አለ፤ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በ2016 ይህን አጸና። ብዙዎች ግን በፈገግታ የተነገረ የራስን ሕይወት ምስክርነት እንኳ መከልከሉ አሳዘናቸው። ከዚህ እንደምንረዳው ልስላሴ ሁልጊዜ በር አይከፍትም፤ በረኛው ወርቁን ካስተዋለ ሰሙ ብቻውን አያድነውም።

የበሩ ጉዳይ ዛሬ

ጁን 24 ቀን 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን ፍርድ ሽሮ ጉዳዩን ለየክፍላተ ሀገሩ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በሕዝበ ውሳኔ ስለሚካሄድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በሁለቱም ወገን በዛ፤ አሁን የግል ታሪካቸውን ይዘው በስክሪን የሚቀርቡት በአብዛኛው ፕሮ ቾይስ ሴቶች ሆነዋል። በ2024 በፍሎሪዳ፣ በእርግዝናዋ ጊዜ የአንጎል ካንሰር የታወቀባት እናት የቀረበችበትን ማስታወቂያ ያሰራጩ ጣቢያዎች ከክፍለ ሀገሩ የጤና መሥሪያ ቤት የማስፈራሪያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ኦክቶበር 17 ቀን የፌዴራል ዳኛ መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ድርጊት እንዲታቀብ በጊዜያዊ ትእዛዝ አገዱት። በሕዝበ ውሳኔውም የውርጃ መብት ሐሳብ 57 በመቶ ድምፅ ቢያገኝም 60 በመቶ ስለሚያስፈልገው ወደቀ። በ1976 በሩ እንዲከፈትላቸው ይለምኑ የነበሩት አንደኛው ወገን ነበሩ፤ በ2024 በሩ እንዳይዘጋባቸው የተሟገቱት ሌላኛው ናቸው። ዛሬ በራስ ወገን የሚወደስ በረኛ ነገ በራስ ላይ በሩን የሚዘጋ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለባለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው። መሐንዲስ ቻናሉን ያሰፋል፤ ምስሉን ያጠራል፤ ስንጥቅ የሚፈልገውን ሞገድ ጽንስ የሚያሳይ ያደርገዋል። በ1996 በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ወላጅ ለልጅ የማይገባን ፕሮግራም እንዲዘጋ የሚያስችል ቪ ቺፕ የተባለ መሣሪያ ከ2000 ጀምሮ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ በሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያነበው የፕሮግራምን የደረጃ ምልክት ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ የደረጃ ምልክት አይሰጠውም። ስለዚህ እነዚያ የአትላንታ ወላጆች ያስፈልጋቸው የነበረው ነገር ይህን ሁሉ ቴክኒክ ተሠርቶም በመሣሪያ አልተገኘም።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት የሕዝብ ምላሽ አንድ ነገር ጐልቶ ይታያል። ተመልካቹ በአብዛኛው ያልተቀበለው ሐሳቡን ሳይሆን አገባቡን ነው። ያላመነበትን ሐሳብ በእርጋታ ሲነገረው ታግሦ ሰምቷል፤ ያመነበት ሐሳብ እንኳ ልጁን አስደንግጦ ሲገባበት ተቈጥቷል። ሐሳቡን በግልጽ እንዳይናገር የተከለከለ ሰው ወይ ወደ ጩኸት ወይ ወደ ሰም ይሄዳል፤ ጩኸቱ ቤትን ያውካል፣ ሰሙም ክርክሩን ይሸፍናል። በግልጽ የሚናገርበት ሰዓት፣ አስቀድሞ የሚነገር ማስጠንቀቂያና ለመልስ የሚተርፍ ቦታ ሲኖር ግን ሁለቱም አያስፈልጉም። ይህን ማዘጋጀት በሞገድ ስፋት የሚወሰን አይደለም፤ ሞገዱን በአደራ የያዙት ሰዎች ሥራ ነው።